ስለ ጠማቂዎቹ ቤት ሽማግሌ የላክን ጊዜ

ልጅ እያለሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር የምንኖረው ስል የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ኮሎምበስ ውስጥ፣ ከመሀል ከተማው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ከጀርመን አገር መጥተው ቢራ እየጠመቁ የከበሩ ቤተሰቦች ከመቶ ዓመት በፊት ያሠሯቸው ቤቶች አሉ። እኔ ያደግሁት ከነዚያ በአንዱ ነው። ቀይ ጡብ ነው፣ ጥጉ ላይ ክብ ግንብ አለው፣ ጣሪያው በስስ ጥቁር ድንጋይ የተከደነ ነው፣ ከዋናው በር በላይ ደግሞ የቤተሰቡ ስም የመጀመሪያ ፊደል ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። እርግጥ ጠማቂዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ተበታትነው፣ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ በየክፍሉ እየተሸነሸነ ለተከራይ ሲሰጥ፣ እኛ በዲቪ መጥተን ደረስን።

እኩዮቼ ልጅነታቸውን ሲያወሩ የአፓርትመንት ግቢ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የተነዳ ብስክሌትና አዲስ ምንጣፍ ነው የሚያስታውሱት። የእኔ ልጅነት ሽታው ሌላ ነው። አሮጌ እንጨት፣ ዝናብ የጠጣ ጡብ፣ ክረምት ላይ ፉጨት እያሰማ የሚሞቀው የብረት ማሞቂያ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የእማዬ ሽሮ። እንግዳ ሲመጣ ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ እያየ ይፈዛል። እኔና የሰፈሩ ልጆች ግን በደረጃው መደገፊያ ላይ ነበር የምንንሸራተተው። መደገፊያው ከታች እስከ ላይ የገብስ ዛላ ተቀርጾበታል፤ ቂጣችን የሚያውቀው እያንዳንዱን ዛላ ነው።

የእኛ ቤት የሚባለው የጠማቂዎቹ የዳንስ አዳራሽ ግማሽ ነበር። አንድ አከራይ በአንድ ወቅት አዳራሹን መሀል ለመሀል በድራይወል፣ በስስ የጄሶ ሰሌዳ ግድግዳ፣ ከፍሎ ሁለት ቤት አወጣው። ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሐጂ ኑሪ ሆነ። ሐጂ ኑሪ ኤርፖርት የሰው መኪና እያቆሙ ይሠሩ የነበሩ፣ ሚስታቸውን አገር ቤት ያስቀሩ ጎልማሳ ነበሩ። ኮርኒሱ ላይ በጄሶ የተሠራ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ነበር። ድራይወሉ እሱንም መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ነበርና ግማሽ ጉንጉን እኛ ጋ፣ ግማሹ እሳቸው ጋ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐጂ ኑሪ ብስኩት ይዘው ይመጡና ወደ ላይ እያዩ፣ ‹‹የኔ ግማሽ ይበልጣል›› ይሉኛል። እኔም ሄጄ አይቼ እመለስና እከራከራለሁ። ክርክሩ ሳያልቅ ብስኩቱ ያልቃል።

ጉንጉኑ ምን እንደሆነ የነገረችን እማዬ ናት። አንድ ቀን ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ስታየው ቆየችና ‹‹ይሄ እኮ ገብስ ነው። ይሄኛው ደግሞ የነሱ ጌሾ መሆን አለበት›› አለች። አባዬ ሳቀባት። ትምህርት ቤት አስተማሪዬን ብጠይቅ እማዬ ትክክል ነበረች፤ ቢራውን መራራ የሚያደርገው ተክል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ለቤቱ ያላት ነገር ተለወጠ። ደረጃውን በየሳምንቱ ተንበርክካ በዘይት ትወለውላለች። ማንም አላዘዛትም። ኢስተን የሚባል ሰፈር ባለ ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ውላ መጥታ እንደገና ተንበርክካ የሰው ደረጃ ስትወለውል አባዬ ያዝንላትና ይቆጣታል። እሷ ግን ‹‹የጠማቂ ቤት ነው፤ የሙያ ቤት ነው›› ትላለች።

ከታች፣ የጠማቂዎቹ መጻሕፍት ቤት በነበረው ክፍል፣ ጋሼ ታደለ ይኖሩ ነበር። ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ግን እንደ ዳኛ ነው የሚናገሩት። የተጣላ ባልና ሚስት ኮሎምበስ ውስጥ ካለ ጋሼ ታደለ ጋ መጥቶ መታረቁ አይቀርም። ከጓሮ፣ ድሮ የፈረስና የሠረገላ ማደሪያ በነበረችው ጎጆ ደግሞ ሚስተር ዋልተር አሉ። ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚያ የኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ እኔን ‹‹ቤቢ›› ብለው የሚጠሩኝ። አከራያችን አንዲት አሮጊት ነበረች። ቤቱን አታድስም፣ ግን አታስቸግርም። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ታመጣልናለች።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ነው መሰለኝ ቤቱ የእኛ የመሰለኝ። ታች ያለው የጋራ ሳሎን ግድግዳ ውስጥ ገብተው የሚጠፉ ትልልቅ ተንሸራታች በሮች ነበሩት። ድብብቆሽ ስንጫወት በሩ የሚገባበት ክፍተት ውስጥ እሸጎጣለሁ፤ ማንም አያገኘኝም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ግድግዳው በኩል ጋሼ ታደለ ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ ሐጂ ኑሪ ሲሰግዱ፣ እማዬ ስትጠራኝ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደኅና ቦታ ያለሁ መስሎኝ አያውቅም።

አሮጊቷ በአንድ የጸደይ ወራት ሞተች። ልጆቿ ከሌላ ስቴት መጥተው ቤቱን በመጡበት ሳምንት ሸጡት። ብዙም ሳይቆይ በየበራችን ወረቀት ተለጠፈ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ከእኛ ከሐበሾቹ መሀል እንግሊዝኛ የሚቀናኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዲሱ የቤቱ ጌታ ቤቱን ሊያድስ ስለሆነ ኦገስት ሳያልቅ ሁላችንም እንድንለቅ ይላል። ሕጉን ጠብቆ ነው ያደረገው፤ ማንም ጥፋት አላገኘበትም። አንብቤ ስጨርስ አባዬ ወረቀቱን ተቀበለኝና እንግሊዝኛ ማንበብ እንደሚችል ሰው ለረጅም ጊዜ አየው።

አባዬ መጀመሪያ ብልህ ነገር አድርጎ ነበር። ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን አጠገብ፣ ከከተማው ዳር ባለችው ሂሊያርድ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት አገኘ። ሰዎቹ ይዘንልሃል ብለውት ነበር። ግን ልቡ አልተቀበለውም። እማዬ ወደ ሥራዋ በአንድ አውቶቡስ ነው የምትሄደው፤ ከሂሊያርድ ቢሆን አውቶቡስ አይደርስም። እኔ ትምህርት ቤት ለምጃለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባዬ ጎረቤት የሚባል ነገር ያገኘው አሜሪካ ከመጣ እዚያ ቤት ብቻ ነበር። ከቤቱ ብንወጣ ሁላችንም የምንበተን መሆኑን ያውቃል።

ያኔ ነው ጋሼ ታደለ ሽማግሌ ይላክ ያሉት። ነገሩ ዛሬ ሲነገር ያስቃል፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። አባዬ አዲስ አበባ እያለ አከራይ ውጣ ብሎት ያውቃል። ሦስት ሽማግሌ ገብተው፣ አንቀመጥም ብለው ቆመው ለምነው፣ አከራዩም አፍሮ እሺ ስለ እናንተ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሮበታል። እንዲያውም እኔ የተወለድኩት እዚያ ቤት ነው። ስለዚህ ለአባዬ የሽማግሌ ነገር ተረት አይደለም፤ ሠርቶ ያየው ነገር ነው። ሕግ አለ፣ ግን ከሕግ በላይ ደግሞ የሰው ፊት አለ ብሎ ያምናል።

ሽማግሌ ደግሞ ሁለት አይሆንም። ጋሼ ታደለና ሐጂ ኑሪ አሉ፤ ሦስተኛው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንጥራ ሲባል ሐጂ ኑሪ፣ ‹‹ለምን ከሩቅ? ዋልተር አለ አይደል፤ ሽበቱ የሁላችንን ይበልጣል›› አሉ። እኔ ተላክሁ። ለሚስተር ዋልተር ነገሩን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ቆመን እንለምነዋለን፣ እሺ ካላለን አንቀመጥም አልኳቸው። ‹‹ዛትስ ኢት?›› አሉኝ። አዎ፣ ያ ብቻ ነው። ትንሽ አሰቡና ሙሉ ልብሳቸውን ከቁም ሳጥን አወጡ።

እማዬ ባዶ እጅ አይኬድም አለች። ጠላ ልትጠምቅ ተነሣች። ቤቱ ምድር ቤት ነበረው፤ በጡብ ቅስት የተሠራ፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የሚቀዘቅዝ፣ ጠማቂዎቹ ቢራቸውን ያሳርፉበት የነበረ ነው ይባላል። እማዬ የፕላስቲክ በርሜሏን እዚያ አወረደች። ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ አመጣን፤ እንኩሮውን ቀን ላይ፣ ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ከፍታ አነኮረችው። በርሜሉን በወይራ ላጥን ስትል አባዬ የጭስ አላርሙ ይጮኻል ብሎ እጇን ያዛት፤ ቅር እያላት ተወችው። ለሐጂ ኑሪ ለብቻ የማያሰክር ቅሪቦ አዘጋጀች። ጥንስሱ ሲፈላ ሽታው በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ሚስተር ዋልተር ደጃፉ ላይ ቆመው አሽተቱና ይሄ ቤት እንዲህ ከሸተተ ስንት ዘመኑ ብለው ሳቁ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ደስታው ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

አዲሱ የቤቱ ጌታ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱን ሊለካ መጣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ወጣት ነው፣ ስኒከር አድርጓል፣ ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ነው። ቤቱን ይወደዋል። ከሁላችንም ይልቅ ይወደዋል ማለት እችላለሁ። ታችኛው ሳሎን ውስጥ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ ይሄ ኦክ ነው፣ እነዚህ ሰቆች ከጀርመን ተጭነው የመጡ ናቸው፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ዛሬ የለም እያለ ለእኔ ለልጅቱ ያስረዳኝ ነበር። እሱና ሚስቱ እዚህ ገብተው ልጆች ሊያሳድጉ ነው። ይሄን ሲናገር ዓይኑ ያበራል።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሼ ታደለ ጋቢ ለብሰዋል፣ ሐጂ ኑሪ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ሚስተር ዋልተር በሙሉ ልብስና በክራቫት ናቸው። እኔ መሀላቸው አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜያለሁ። አባዬና እማዬ እንደ ደንቡ አልመጡም፤ ባለጉዳይ አይገባም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ባለጉዳይ መሆናቸውን ማንም አላነሣውም። ሰውየው ብድግ ብሎ ተቀመጡ አለ። ጋሼ ታደለ፣ ‹‹መቀመጡ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ስማን በይው›› አሉኝ። ነገርኩት። እሱም ጨዋ ነውና እነሱ ቆመው አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ታደለ ወደ ሐጂ ኑሪ ዞር ብለው በዓይናቸው ‹‹አየህ?›› አሉ። ቆሞ በመስማቱ፣ በእነሱ ዓይን፣ ትልቅ ነገር አድርጎላቸዋል።

ጋሼ ታደለ ተናገሩ። ቤቱ ያንተ ነው፣ ይባረክልህ፤ እኛ ልንካፈልህ አልመጣንም፤ ግን ይህች ልጅ አለች፣ እነዚህ ሠራተኞች አሉ፤ ከፈለግህ ኪራይ ጨምር፣ ከፈለግህ እያደስክ አኑረን፤ ይሄን ቤት የሠሩት ጠማቂዎች ናቸው ይባላል፤ እኛም በአገራችን ጠማቂ ነን፤ እባክህ አትበትነን። እኔ አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ በጣም ደስ እያለው፣ ላሳያችሁ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የንድፍ ወረቀት ዘረጋ።

ንድፉን አይቼዋለሁ። ቤቱ ልክ እንደ ጥንቱ ሆኖ ተስሏል። የዳንስ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፣ የተጨመረ ግድግዳ ሁሉ የለም፤ ኮርኒሱ ላይ ጉንጉኑ ሙሉ ነው። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። አልጋዬ የሚዘረጋበትን ጥግ በጣቴ ፈለግሁት። የለም። ሐጂ ኑሪ የሚሰግዱበትም የለም። ሰውየው፣ ወደ ቀድሞው መመለስ ማለት ያልነበረውን ማውጣት ነው ብሎ ገለጸልኝ። ያንን ለሽማግሌዎቹ ስተረጉም ቃሉ አንደበቴ ላይ ተንገዳገደ። ያልነበርነው እኛ ነን።

በዚህ መሀል የሚስተር ዋልተር ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው አየና ሮጦ ሄዶ ራሱ ወንበር አመጣላቸው፤ ክንዳቸውን ደግፎ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ተቀመጡ። ምን ያድርጉ፣ አመማቸው። እኔ ክው አልኩ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ልመናው አበቃለት ማለት ነው። ጋሼ ታደለም እንደዚያው ለአፍታ ደነገጡ። ወንበሩን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። ‹‹በገዛ እጁ ወንበር አምጥቶ ሽማግሌ ካስቀመጠማ እሺ ብሏል›› አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው እሳቸውም ተቀመጡ። ሐጂ ኑሪ ተከተሉ።

ሰውየው እማዬ የላከችውን ጠላ ቀመሰ፤ ወደደው። ድገሙኝም አለ። ሐጂ ኑሪ በቅሪቧቸው አጫወቱት። በመጨረሻ ጋሼ ታደለ ሊመርቁት ሲነሡ ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፣ ‹‹ኤይመን›› እያለ ተመረቀ። ቤቱ የልጆች ድምፅ ይሙላበት አሉት። ሊወጡ ሲሉ ስለ ጉዳያቸው ምን እንደሚል እንድጠይቀው አደረጉኝ። ይቅርታ፣ ለእድሳቱ ውል ገብቷል፣ ሥራው በኦገስት መጨረሻ ይጀምራል፣ ምንም ማድረግ የሚችል አይመስለውም አለ። በትሕትና ነው ያለው። እኔም እንዳለው ተረጎምኩ። ጋሼ ታደለ ግን እጃቸውን አወዛወዙ። ‹‹ፊት ለፊት እሺ ማለት ከብዶት ነው። ተዪው። ጠጥቶ፣ ተመርቆ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ የሚያስወጣ ሰው የለም።››

ፎቅ ላይ እማዬ ወሬውን ስትሰማ እልል አለች። እኔ እያለቀስኩ ነበር። ‹‹አባዬ፣ ሂ ሴድ ኖ። አልችልም ነው ያለው›› አልኩት። አባዬ አቀፈኝ። ‹‹ማርቲዬ፣ አንቺ ቃሉን ነው የሰማሽው። ሽማግሌ ደግሞ ሰውየውን ነው የሚያየው›› አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ትልልቅ ሰዎች ያዩት እኔ ካየሁት ይበልጣል ተብዬ ነው ያደግሁት። በማግስቱ ሂሊያርድ ደውዬ አፓርትመንቱን ለሌላ ስጡት እንድላቸው አደረገኝ። ስልኩን ይዤ፣ ሴትዮዋ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ስትለኝ፣ አባዬን አየሁት። ፈገግ ብሎ፣ አዎ በያት እንደማለት፣ ራሱን ነቀነቀልኝ። የስ አልኳት።

ሚስተር ዋልተር ደረጃው ላይ ያዙኝና፣ ‹‹ቤቢ፣ ቴል ዩር ዳዲ ቱ ስታርት ፓኪንግ›› አሉኝ። ለአባዬ ዕቃ ማሸግ ጀምር እያሉህ ነው አልኩት። እሳቸው የኛን ደንብ አያውቁም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አያውቁም። ሚስተር ዋልተር ሐምሌ ሳያልቅ እህታቸው ጋ ሄዱ። ወንበሩ ላይ በመቀመጣቸው እንደሚጸጸቱ ነገሩኝ፤ ቢቆሙ ኖሮ የሚለወጥ ነገር ያለ መስሏቸው። የለም አልኳቸው። ያ በጋ እንዴት እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ። ከሰው ሁሉ መሀል የሚመጣውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማንም አይሰማኝም። እማዬ አዲስ መጋረጃ ሰፋች። አባዬ የሚያፈሰውን ጥግ ቀለም ቀባ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደብተሮቼን ራሱ በላስቲክ ሸፈነልኝ።

ቀኑ ሲደርስ ሰውየው ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። እማዬ በሩን በደስታ ከፈተችለት፣ አባዬ እጁን ዘረጋለት። ሰውየው ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አየ፤ መጋረጃው፣ ሶፋው፣ የተዘረጋው አልጋዬ። ፊቱ ነጣ። ‹‹ዩ ጋይስ አር ስቲል ሂር?›› አለ። አሁንም አላችሁ? ያንን ለአባዬ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ነገርኩት። አባዬ ‹‹ሽማግሌ ልከን ነበር በዪው›› አለኝ። አልኩት። ሰውየው እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ ከልቡ አዝኖ፣ ‹‹አይ ላቭድ ዞዝ ጋይስ›› አለ። ‹‹በጣም ወድጃቸው ነበር ነው የሚለው፣ አባዬ›› አልኩት። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

ሰውየው የጥቂት ቀን ጊዜ ሰጠን፤ ሠራተኞቹ ዕቃ እንዲያወርዱልን አደረገ። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር፣ የአባዬ የአክስት ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ገባን፤ ሦስታችንም አንድ ክፍል። ጋሼ ታደለ ወደ ሌላ ከተማ ልጃቸው ጋ ሄዱ፣ ሐጂ ኑሪ ኢስተን አጠገብ ከሁለት ወጣቶች ጋር ተደበሉ። ለአንድ ዓመት ያህል በበዓል እንጠያየቅ ነበር፣ ከዚያ ስልኩም ቀረ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ጠላ አልጠመቀችም። አባዬ ግን ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ አላማውም። ዘመድ ሲቆጣለት እሱ ይከላከልለታል። ‹‹ሰው የገዛውን ቤት ለልጆቹ ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል? እኔስ ለልጄ አይደል የለመንኩት?›› ይላል። በዚህች ነው የተጽናናው። እኛም አልነካንበትም።

አሁን ሂሊያርድ የራሴ ቤት አለኝ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ልጄ የራሷ ክፍል አላት፣ ጎረቤቶቼ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ስማቸውን አላውቅም። ማንም መጥቶ ውጪ ሊለኝ አይችልም፤ ይሄ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ በግድግዳ በኩል አይሰማም። ልጄ ድብብቆሽ ስትጫወት የምትደበቅበት የለም፤ ክፍሉ ሁሉ ከበሩ ይታያል።

ባለፈው መስከረም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስታገባ ጥሪው ላይ ያለው አድራሻ የዚያ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ሄድኩ። ጡቡ ታጥቦ እንደ አዲስ ሆኗል፣ ክቡ ግንብ በመብራት ያሸበርቃል። አዳራሹ ልክ እንደ ንድፉ ነው፤ ጉንጉኑ ገብሱም የነሱ ጌሾም ሙሉ ሆኖ ከላይ ተንጠልጥሏል። ውብ ነው። ከሥሩ ሰዎች ይጨፍራሉ። መግቢያው ላይ ግድግዳው ላይ የቤቱ ታሪክ ተጽፏል፤ ጠማቂዎቹ ሠሩት፣ ከዚያ ለብዙ ዓመታት ተጥሎ ቆየ፣ ከዚያ ታድሶ ክብሩ ተመለሰለት ይላል። ተጥሎ ቆየ። እማዬ ተንበርክካ ደረጃውን ስትወለውል ታየችኝ። እርሳስ አውጥቼ የምጽፍበት ቦታ ቢኖር እንኳ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ድግሱን የምታስተናግደዋን ሴት የቤቱ ባለቤቶች ላይ ፎቅ ናቸው ወይ አልኳት። ሳቀች። እዚህ ቤት ማንም ኖሮ አያውቅም፣ ያደሰው ሰውዬ ራሱ ሳይገባበት ለድርጅት ሸጠው፣ ከዚያ ወዲህ የሠርግ ቤት ነው አለችኝ። ሙሽራዋን ሳልሰናበት ወጣሁ።

እሑድ እናቴና አባቴ ጋ ሄድኩ። አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን አባዬ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ፣ እሱን መዋሸት አልለመድኩም። ቤቱን እንዳየሁት ስነግረው ደስ አለው። ጡቡን ጠየቀኝ፣ ደረጃውን ጠየቀኝ። ከዚያ፣ ‹‹ልጆቹስ? ይሄኔ ኮሌጅ ገብተው ይሆናል›› አለኝ።

‹‹ልጆች የሉም፣ አባዬ። ሰውየውም አልኖረበት። ሸጦት ሄዷል።››

‹‹ታዲያ ማን አለበት?››

‹‹ማንም። ለሠርግ ያከራዩታል እንጂ ማንም አይኖርበትም።››

እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች። አባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አርጅቷል፤ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ከዚያ ልጅ እያለሁ አስተርጓሚ ሲያደርገኝ እንደሚያየኝ አየኝ።

‹‹ማንም ካልኖረበት›› አለኝ፣ ‹‹እኛ ብንኖርበት ምን ነበረበት? እስቲ ጠይቂልኝ።››

ማንን እንደምጠይቅለት አላውቅም።